ከዓለቱ ጋር የታሰረችው

የከዋክብት አዳራሹ አስጎብኚ ሥራዋን የምትሠራው በጨለማ ነው። ጎብኚዎቹ ወደ ኋላ በሚለጠጡት ወንበሮች ላይ ተንጋለው ወደ ጉልላቱ ሲያንጋጥጡ፣ እርሷ መሃል ቆማ በእጇ በያዘችው የብርሃን ቀስት ኮከብን ከኮከብ እያገናኘች የየኅብረ ከዋክብቱን ስም ታሪክ ትነግራቸዋለች። ውጭ ፀሐይ ቢሆንም ዝናብ ቢሆንም እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ለደከመ ሰው ይህ ፈተና ነው፤ ጨለማው ዓይንን ይከድናል፣ ምንጣፉ የእግርን ኮቴ ይውጣል፣ ከዋክብቱን ጉልላቱ ላይ የሚያበራው ማሽን ማራገቢያም ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ሳያቋርጥ ያንጎራጉራል።

ከመጨረሻው ረድፍ፣ ለበሩ ቅርብ በሆነው ወንበር፣ እናቷ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ ቤት ብቻቸውን መተው አልተቻለም። አንድ ጊዜ ምድጃው እንደበራ ተኝተዋል፤ ሌላ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ጎረቤት ድምፃቸውን እስኪሰማ ድረስ ከወለሉ ላይ ቆይተዋል። ስለዚህ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን ይዛ ወደ ሥራዋ ታመጣቸዋለች። እርሳቸው አልከፋቸውም። «እዚህ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እኩል ነን» ይላሉ።

ችግሩ ዝም አለማለታቸው ነበር። ታሪኮቹን ከመስማት ብዛት በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ በተለይ የንግሥት ካሲዮፒያ ተራ ሲደርስ አስተያየት ሳይሰጡ አያልፉም። ልጃቸው «ንግሥቲቱ በቁንጅናዋ ተመክታ ከባሕር አማልክት ልጆች እበልጣለሁ አለች» ስትል፣ ከኋላ «ምላሷን በቆረጠው!» ይላሉ። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ሲሰድ፣ «አማልክት ይሏቸዋል እንጂ የሰፈር ሰው ናቸው፤ አንዱ ሲኮራ የሌላው ዓይን ይቀላል» ይላሉ። የንግሥቲቱ ልጅ አንድሮሜዳ በእናቷ ጥፋት ለአውሬው ከዓለት ጋር ስትታሰር፣ «ጥፋተኛዋ ቆማ እያየች!» ብለው እጃቸውን ያጨበጭባሉ። በመጨረሻ ፐርሲየስ የተባለው ጀግና ልጅቱን አድኖ ሲያገባት፣ ንግሥቲቱ ደግሞ ከነዙፋኗ ሰማይ ላይ ተሰቅላ እየተዘቀዘቀች እንድትዞር ሲፈረድባት፣ «ይበላት!» ይላሉ።

ልጆች ይህን ይወዱታል። የማሽኑ ኦፕሬተርም ይወደዋል፤ መላጣ በመሆኑ ሁሉም «ጨረቃ» ይሉታል።

«እትዬ፣ እርስዎ ዝም ያሉ ቀን ሰማዩ አይዞርልኝም» ይላቸዋል።

«አንተ ኮፍያህን አድርግ፤ ጨረቃ ስትወጣ ኮከቡ ይደበዝዛል።»

ትናንት ግን ኃላፊው አስጎብኚዋን ወደ ቢሮው ጠራት። አንዲት መምህርት «ተማሪዎቼ ኮከብ ሊያዩ ሄደው እርግማን ተምረው ተመለሱ» ብላ አቤት ብላለች። ኃላፊው ጨዋ ሰው ስለሆነ ዓይኖቿን ሳያይ፣ እርሳሱን እያገላበጠ ነው የተናገረው። «እናትሽን አከብራቸዋለሁ። አዳራሹ ግን የሰው ማቆያ አይደለም። ነገ የመጨረሻ ይሁን።»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወንድሟ ደወለ። ሩቅ ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ ለጉዳይ መጥቶ ከሰዓት በኋላ በመኪናው ይመለሳል። «እኔ ቤት ሰው አይጠፋም፤ ባለቤቴ አለች፣ ልጆቹ አሉ። እማዬ ግን ካንቺ አፍ ካልሰማች ንቅንቅ አትልም። ይዣት ልሂድ ወይስ ብቻዬን? ቁርጡን ንገሪኝ።»

«እደውልልሃለሁ» አለችው።

ያንን ቁርጥ ከጠዋት ጀምሮ በአፏ ይዛው ትዞራለች። እናቷን «ሂጂ» ማለት ከቤት ማስወጣት መሰላት፤ «ቅሪ» ማለት ደግሞ ሥራዋን መተው ነው፤ ሁለቱንም የሚያኖራቸው ያ ሥራ ብቻ ነበር። ሌሊቱን እናቷን ወደ መጸዳጃ ቤት ስታመላልስ ነው ያደረችው፤ ያለፈውንም ሌሊት እንዲሁ። ድካሙ እንቅልፍ ከማጣት አልፎ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ጫማዋን ስታስር እንኳ አንዱን አስራ፣ ለሌላው ጉልበት እስክታገኝ ጎንበስ እንዳለች ትቆያለች።

የትምህርት ቤት ልጆች ገብተው ተቀመጡ፤ መብራቱ ጠፋ። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ጊዜ አስነጠሰ።

«ጨረቃ፣ ማሽንህ ጉንፋን ይዞታል» አሉ እናቷ፤ ልጆቹ ሳቁ።

አስጎብኚዋ ቀስቱን አበራች። የሰሜኑን ኮከብ አሳየች፤ ከዚያ ዙፋን የመሰሉትን የካሲዮፒያን ከዋክብት አያያዘች። አፏ መንገዱን ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ቃላቱ ሲወጡ እርሷ ሌላ ነገር ታስባለች። አሁንም የወንድሟን መኪና፣ የኋላ ወንበሩን፣ ከመስኮቱ ጎን የሚቀመጡትን እናቷን ታስብ ነበር። ትምክህቱን ተናገረች፤ የአምላኩን ቁጣ ተናገረች፤ አውሬው ከባሕር ወጣ። ከዚያም በዚያው በተረጋጋ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ሌላ መላ ስለጠፋ ልጅቱ እናቷን ይዛ ወረደች። ከባሕሩ ዳር ካለው ዓለት ጋር አሰረቻቸው፤ ወደ ኋላም ሳትመለከት ወደ ቤቷ ተመለሰች።»

ከኋላ ረድፍ ድምፅ አልመጣም። እርሷም አላስተዋለችም፤ ቀጠለች። ፐርሲየስ ደረሰ፣ አውሬውን ገደለ፣ ሰንሰለቱን ፈታ፣ የታሰረችውንም አገባ።

«ቲቸር!» አለች አንዲት ተማሪ ከጨለማው ውስጥ፤ «ያገባው እናትየዋን ነው ማለት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ መምህራቸውም ጭምር። አስጎብኚዋ የቀስቱን መብራት ወደ ወለሉ አወረደች። የተናገረችው ቃል በቃል ወደ ጆሮዋ ተመልሶ መጣ፤ ንግሥቲቱን፣ ለሰው ስለ እናቷ ስታወራ እንደምትለው «አሰረቻቸው» ማለቷ ሳይቀር። ጨረቃ ነገሩ ገብቶት ሰማዩን በፍጥነት አዞረው፤ ከዋክብቱ ተንሸራተው አዳኙ ኦሪዮን ወጣ፤ ልጆቹም ሳቃቸውን ረስተው «ዋው!» አሉ። የቀረውን እንደምንም ጨረሰች።

መብራቱ ሲበራ ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። ጨረቃም አይቶ እንዳላየ ሆኖ ተከትሏቸው ወጣ። አስጎብኚዋ በወንበሮቹ መካከል ሄዳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

«ይህን ታሪክ ከጸሎቴ በላይ ነው የማውቀው» አሉ እናቷ። «አንድ ቀን ስተሽው አታውቂም።»

«ደክሞኝ ነው፣ እማዬ።»

«ደክሞሻል። አልደከመሽም አልኩ?» ዘንጋቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቆሙ። «ወንድምሽ በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?»

«ማን ነገረሽ?»

«የፈዘዘው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ጠዋት ስልክ ስታወሪ እንዳልሰማ ቧንቧውን ከፍተሽ ነበር። ሰው እጁን ታጥቦ ይጨርሳል እኮ፣ ልጄ!»

ልጃቸው ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ አልታዘዝ አላት። ኃላፊው ያለውን ነገረቻቸው፤ አላሳጠረችም፣ አላለዘበችምም። እርሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ከእኔ ምን ጨዋ ነገር ይማራሉ! ወንድምሽ ቤትም ቢሆን ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል አሉ። እኔም እጮኽበታለሁ፤ እሱ አቤት የሚልበት ኃላፊ የለውም።» ካፖርታቸውን ከወንበሩ መደገፊያ በእጃቸው ዳሰው አነሡ። «እሄዳለሁ።»

«እሺ» አለች።

ቃሉ ሳትመዝነው ነው ከአፏ የወጣው። በሕይወቷ ሙሉ ቃል ከመናገሯ በፊት ከላይም ከታችም የምታየው ሴት፣ ይህን ግን ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደጃፉ እንደደረሰ ሰው ነው የጣለችው። እናቷ አንድ እጃቸውን ካፖርቱ ውስጥ እንዳስገቡ ቆም አሉ።

«ለይምሰል እንኳ አንዴ ‹ተይ› አይባልም?»

«‹ተይ› ካልኩሽ ትቀሪያለሽ።»

«እቀራለሁ።»

«ለዚህ ነው፣ እማዬ።»

ከበሩ ውጭ ቀጣዮቹ ጎብኚዎች ሲሰለፉ፣ አንድ ሰው ሲስል፣ ጨረቃ «ጥቂት ታገሡን፣ ማሽኑ ይረፍ» ሲላቸው ይሰማል። እናቷ የልጃቸውን ፊት ፈልገው መዳፋቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉ፤ እርጥብ ሆኖ አገኙት። በአውራ ጣታቸው ጠረጉትና እጃቸውን መለሱ።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ወንድሟ ወዲያው አነሣው።

«ናና ውሰዳት» አለችው።

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። «ፈቀደች? ማን ነው የወሰነው፣ እሷ ናት ወይስ አንቺ?»

ጥያቄው ለሁለቱም ጎልቶ ተሰማ። እናቷ በክርናቸው ጎነጥ አድርገዋት በሹክሹክታ «እናቴ ናት በይው» አሏት።

አሁን ግን ጠብቃ፣ ቃሉን አገላብጣ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለችው ወንድሟን። «እኔ ነኝ የወሰንኩት። እሷን እንዳትጠይቃት።»

«ግትር!» አሉ እናቷ፤ ሌላኛውንም እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉላት፤ እርሷም የካፖርቱን እጅጌ ያዘችላቸው።