ሰባተኛው መደብ

…የእኔ አልነበረም እኮ፣ ውሃው እግሬን ይልሰዋል፣ ጣና ዛሬ ዝም ብሏል፣ ደንገሉ ብቻ ይወዛወዛል፣ አብሬው የምወዛወዝ ይመስለኛል። ስድስት ዓሣ አጥማጆች፣ ሰባት መደብ ዓሣ። ሦስት ሳምንት አንድም ቀን ሳልቀር ሰባተኛውን በፌስታል አንጠልጥዬ ባጃጅ ውስጥ ስገባ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! «የእንግዳ ድርሻ» ብዬ የመመረቂያ ጥናቴን ምዕራፍ አራት ጻፍኩበት፣ መምህር ገድሉም «ተስኒም፣ ይሄማ ግኝት ነው፣ ሶሺዮሎጂ ማለት ይሄ ነው» አሉኝ፣ በኩራት አበጥኩ። ነገ አስረክባለሁ።

ዛሬ አረፈድኩ። የመረቡ አለቃ ጋሼ ረመዳን ሰባተኛውን መደብ ይዘው ወደ መንደር ሲወጡ ከኋላቸው ደረስኩ፣ ተከተልኳቸው፣ ሐቢባ ቤት ገቡ። ሐቢባ፣ ከእኔ በጥቂት የምትበልጥ፣ ባሏ ሳሊህ ከሁለት ወር በፊት የሞተባት። ኢዳ ላይ ናት፣ አራት ወር ከአስር ቀን ደጅ አትወጣም፣ ሰባተኛው አጥማጅ ባሏ ነበር፣ ድርሻውን ጓደኞቹ ያደርሱላታል። እኔም ሙስሊም ነኝ፣ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል? መጠይቄ ላይ አርባ ጥያቄ አለ፣ ይሄ የማን ነው የሚል የለም። የመጀመሪያ ቀን መደቡን አፍጥጬ ሳየው ጋሼ ረመዳን እንኪ ልጄ ብለው ሰጡኝ፣ በማግስቱም መጣሁ፣ በሳልስቱም፣ በቃ፣ ይሉኝታ፣ እንግዳን ማን ይመልሳል።

ሐቢባ ግቢ ግቢ አለችኝ። ቀረሶ ዓሣውን እያገላበጠች ሳቀች። አልሐምዱሊላህ፣ ሐይቁ ታረቀን፣ ሦስት ሳምንት ምንም አልተያዘም ሲሉኝ ዓሣውም ሳሊህን ተከትሎ ሄደ ብዬ ስንት ቀን አለቀስሁ አለችኝ።

ጋሼ ረመዳን መሬት መሬት ያያሉ። ለእኔ ብለው ዋሿት። ሹልክ ብዬ ወጣሁ፣ ይኸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ውሃ አያለሁ፣ ዝም ብል ምዕራፉ ያምራል፣ ማንም አያውቅ፣ ብናገር ሽማግሌው ውሸታም ሊባሉ ነው፣ ዝም ብልስ፣ እሷ ሐይቁም ጨከነብኝ እንዳለች ልትቀር ነው፣ አፍራለሁ፣ በጣም አፍራለሁ፣ ጀልባ ያልፋል፣ ማዕበሉ እስከ ጉልበቴ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ምዕራፍ አራት ገደል ይግባ፣ ጫማዬ የት አለ፣ ተነስቻለሁ፣ ዳገቱን ወጥቻለሁ፣ በሩ ይኸው።

ማነው?

እኔ ነኝ፣ ተስኒም። ሐቢባ፣ ዓሣው የትም አልሄደም። እኔ ነኝ የበላሁት።