እታለም ከአክሲዮኑ ወጣች

እኛ ቤት አዲስ ነገር የምታመጣው እታለም ናት። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን የሞተች ጊዜ እኔ ገና የአራት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ እናት ብዬ የማውቀውም እሷን ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ጠርሙስ ፋብሪካ ነው። እኔ ምርመራ ላይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ነጭ መብራት ፊት ተቀምጬ የተሰነጠቀውንና አየር የቋጠረውን ጠርሙስ ከመስመሩ እለቅማለሁ። እሷ ማሸጊያ ክፍል ናት። አንድ ክፍል ውስጥ እናድራለን፣ በአንድ ሰርቪስ እንሄዳለን፣ ኪራዩን እኩል እናዋጣለን። ስለ እሷ የማታውቂው ነገር አለ ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ኩባንያው ለሠራተኞቹ አክሲዮን ሊሸጥ ነው የተባለ ቀን ምግብ አዳራሽ ሰበሰቡን። የተመዘገበ ሰው በየወሩ ከደሞዙ ከመቶ አሥር ይቆረጥበታል፤ ስድስት ወር ሲሞላ በተጠራቀመው ገንዘብ ከገበያው ዋጋ በቅናሽ አክሲዮን ይገዛለታል። ሐሳቡን የቀየረ ደግሞ ግዢው ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ ፎርም ሞልቶ መውጣት ይችላል፤ የተቆረጠበት ሳይጎድል ይመለስለታል።

"አንድ ጊዜ እንኳ የሰው ሳይሆን የራሳችንን ጠርሙስ እናሽግ እንጂ!" አለች እታለም ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔን እጄን ጎትታ ወስዳ ከራሷ ስም ሥር አስፈረመችኝ።

አምስተኛው ወር ላይ ሁለተኛው ምድጃ ጠፋ። የጠርሙስ ምድጃ ሌት ተቀን የሚነድ ነገር ነው፤ እሱ ሲቀዘቅዝ የሰዉም ልብ አብሮ ይቀዘቅዛል። "ሊዘጉት ነው" ተባለ። "ሸጠውታል" ተባለ። ሰዉ ተራ በተራ ፐርሶኔል እየሄደ ከአክሲዮኑ ወጣ። እታለም በሻይ ሰዓት ትቆጣቸዋለች።

"ምድጃ እኮ ይጠገናል! ወሬ በሰማችሁ ቁጥር ልትሮጡ ነው?"

እኔ ግን ፈራሁ። እሷ ፊት ጎበዝ መስዬ ከረምኩና መውጫው በሚዘጋበት በመጨረሻው ቀን፣ ሆዴን አመመኝ ብዬ ለአለቃዬ ዋሽቼ ሹልክ አልኩ።

ፐርሶኔል ያለችውን ጸሐፊ "ማኅተም" ነው የምንላት፤ የመጣላትን ወረቀት ሁሉ ሳትመታ አትለቅም።

"ከአክሲዮኑ መውጣት ፈልጌ ነበር" አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "አደራሽን፣ እህቴ እንዳትሰማ።"

"እታለም?"

"አዎ። ከሰማች ትገድለኛለች።"

ማኅተም ግራ ገብቷት አየችኝ። "እሷ እኮ ከወጣች ሦስት ሳምንቷ ነው።"

"ሌላ ሰው ይሆናል" አልኳት። "ሰዉን አትውጡ እያለች የምትለፈልፈው እኮ እሷ ናት።"

አልተሳሳትኩም ለማለት መሰለኝ፣ መሳቢያውን ስባ ፎርሙን ፊቴ ዘረጋችው። ስሟ አለ። ፊርማዋ አለ። ከታች "የመውጫ ምክንያት" የሚል መስመር አለ፤ ሌላው ሰው ባዶውን የሚተወው። እታለም በዚያ ክብ ክብ ፊደሏ አንድ ቃል ጽፋበታለች፦ ጋብቻ።

ደግሜ አነበብኩት። "የማን ጋብቻ?"

ማኅተም እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይኔ ጉዴ! አልነገረችሽም?"

ስለ ራሴ ፎርም ማን አስታውሶ! ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እንኳ አላውቅም።

እታለም ካርቶን ላይ ፕላስተር እየለጠፈች ነበር።

"ልታገቢ ነው?" አልኳት። ስለጮህኩ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ።

የፕላስተሩ ጥቅል ከእጇ ወደቀ። "ማን ነገረሽ?"

"ፎርሙ!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ማንን ነው የምታገቢው?"

ዓይኗ ሳታስበው ወደ መጫኛው በር ሄደ። እዚያ የቆመው የፎርክሊፍት ሹፌሩ ነው። ጠርሙስ በጫነ ቁጥር በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ "ቀስ በል! ቀስ በል!" ስለሚል ስሙ ቀስ በል ሆኖ ቀርቷል። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመት የሆናት፣ ጸጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰው። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ያን ጊዜ እውነት መሆኑ ገባኝ።

"ይሄ?" አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ዛሬም አፍርበታለሁ።

ከፈረቃ ስንወጣ ሰርቪሱን ትተን በእግራችን ሄድን።

"ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት? አንድ ክፍል እያደርን?"

"ልነግርሽ ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ መሰለሽ" አለችኝ። "ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ ካለቀስሽ ደግሞ እኔ እቀራለሁ።"

"እና ሰዉን አትውጡ ስትይ የከረምሽው?"

"እኔ የወጣሁት ፈርቼ አይደለም። ለምንከራየው ቤት የሦስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ተባልን፤ ያለችኝ ጥሪት ደግሞ ከደሞዜ የተቆረጠችው ናት። ምድጃው እንደሚነሳማ አውቃለሁ፤ የሚጠገንበትን አዲስ ጡብ የሚያመላልሰው እሱ አይደል?"

እንባዬን መያዝ አቃተኝ። መንገድ ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እሷ እውነትም ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሐሳቧን ልትቀይር እንደሆነ አየሁባት። ክንዷን ያዝኩና እያለቀስኩ "እንዳትቀሪ" አልኳት። "ሰምተሽኛል? እንዳትቀሪ።"

በማግስቱ ፎርሜ ትዝ ብሎኝ ፐርሶኔል ብሄድ ማኅተም "ትናንት ተዘጋ" አለችኝ። በግድ ባለ አክሲዮን ሆንኩ። በወሬው ምክንያት ዋጋው ወርዶ ስለነበር ካሰብኩት በላይ ደረሰኝ፤ ከወር በኋላ ምድጃው ሲለኮስ ዋጋው መልሶ ቀና አለ። ቀድመው የወጡት "እህቷ ሚስጥር ነግራት ነው እንጂ" እያሉ አሙኝ። የነገረችኝ ሚስጥር ምን እንደነበር ቢያውቁ!

ማዘጋጃ ቤት ሲፈራረሙ ምስክሯ እኔ ነበርኩ። ቀስ በልንም "ጋሼ" ማለት ጀምሬያለሁ፤ አዲስ ጫማ አድርጎ ሲራመድ እሱ ራሱ ቀስ ይል ነበር። መዝጋቢው የሙሽራዋን የትውልድ ዘመን ጮክ ብሎ አነበበ። እኔ ብዕር ይዤ ተራዬን ስጠብቅ ሳላስበው በልቤ ቀነስኩት። አርባ ዘጠኝ። ከእኔ የምትበልጠው በአሥራ ሦስት ዓመት ነው።

አሥራ ሦስት ብቻ። እናታችን በተቀበረች ማግስት እኔን አዝላ ሥራ ፍለጋ የወጣችው፣ ሁሉን የምታውቅ፣ ምንም የማትፈራ የምትመስለኝ ያቺ ትልቅ ሴት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ ዕድሜሽ ስንት ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

"ምነው እህቴ፣ የተሳሳተ ነገር አለ እንዴ?" አለኝ መዝጋቢው፣ ብዕሩ በእጄ ሲቆም አይቶ።

"የለም" አልኩት። "ትክክል ነው።"

ፈረምኩ።