ካሌብ የማን ልጅ ይባል

እህቴ ስርጉት ልጇን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ሄዳ ከበሩ ተመለሰች። መዝጋቢው አስተማሪ በትልቅ ድምፅ "የልደት ሰርተፍኬት! ስም ከነአባት፣ ከነአያት!" እያለ ይጮሃል፤ ከፊቷ የተሰለፈችው ሴትዮ ደግሞ የሳንጃ ሰው ሆና ተገኘች። ስርጉት ልጁን እንደ ዶሮ በብብቷ አድርጋ እየሮጠች መጥታ ባጃጄ ውስጥ ገባች።

"ንዳ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"ንዳ ብየሃለሁ፣ አንተ ደንቆሮ!"

ነዳሁ። እህቴ ስትሳደብ መንዳት ነው እንጅ ሌላ መላ የለውም።

የካሌብ አባት ደረበ የትራክተር ኦፕሬተር ነበር። ሽንፋ አጠገብ ለሰው ሰሊጥ እርሻ ሲያርስ፣ ወሰን አልፈሃል አላለፍኩም ተባብለው እንግዳው ከሚባል የጎረቤት እርሻ ባለቤት ጋር ተጣሉ። እንግዳው የሳንጃ ሰው ነው። መጀመሪያ በስድብ ነበር፣ ከዚያ በዱላ፣ ከዚያ ደረበ ከትራክተሩ ወንበር ሥር መሣሪያውን መዘዘ። እንግዳው እዚያው ትልሙ ላይ ቀረ። ደረበም በእግሩ ወደ ሱዳን፣ ገላባት ተሻገረ። ሱዳን ጦርነቱ ሲነሳ መንገድ ላይ ሞተ ተባለ። አስከሬኑን ያየ የለም፤ አብሮት የነበረ ሰው ጫማውን ብቻ አመጣ። ስርጉት ለቅሶ የተቀመጠችው ለጫማ ነው።

ደረበ ሞተ ማለት ደሙ አለቀ ማለት አይደለም። በኛ አገር ደም በአባት ይወርዳል። የእንግዳውን ወንድም ፀሐዩን ታረቅ ብለው ሽማግሎች ሄደውበት "የወንድሜን ሥጋ ሸጨ አልበላም" ብሎ መለሳቸው። "ወንድ ልጅ አለው አሉኝ። ሕፃን አልነካም፣ ነውር ነው። ሱሪ ይታጠቅ፣ ያኔ እንተያያለን።"

ካሌብ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ደግ ነገር ቢኖር ፀሐዩ ልጁን በመልክም በስምም አያውቀውም። ግን የደረበን ስም ከነአባቱ እዚህ ቆላ ውስጥ የማያውቅ የለም። ልጁ ክፍል ገብቶ ስሙ በተጠራ ቁጥር አንዱ ሰምቶ ሳንጃ ያደርሰዋል።

"ስሙን እንቀይረው" አለች ስርጉት በማግሥቱ። "በአባባ ስም ይጠራ። አባት የሌለው ሁሉ በእናቱ አባት ስም ይጠራ የለም?"

አባባ ማለት አባታችን ማናዬ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ማንንም ሳይገድል በወባ የሞተ ሰው ነው። አሳቡ ደስ አለኝ። እሱ ካሌብ ማናዬ፣ እኔ አገኘሁ ማናዬ። ልጁን ጉልበቴ ላይ አስቀምጨ "በል ካሁን ወዲያ አጎቴ እንዳትለኝ፣ ታላቅ ወንድምህ ነኝ፣ ውርስም እንካፈላለን" አልኩት።

"ምን አለን?" አለኝ።

"አንዲት አህያ ነበረችን። እሷም ከአባባ ቀድማ ሞተች።"

ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሠራተኛዋ መሠረት ትባላለች፣ ሰርተፍኬቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና "የአባት ስም እኛ አንነካም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጡ" አለች። "ለመሆኑ ምክንያታችሁ ምንድን ነው?"

"አባቱ ሞቷል" አለች ስርጉት።

"የሞተ አባት ሁሉ ይፋቃል እንዴ? የኔም እኮ ሞቷል።"

"ያንችንስ ነፍስ ይማር፤ ያንችን አባት ግን የሚፈልገው የለም" አልኳት። ስርጉት በክርኗ ጎኔን ደቃችኝ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከኒም ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ "ልጁን ያሳደጉት የእናቱ ዘመዶች ስለሆኑ" ብሎ አሳምሮ ጻፈልን። ዳኛዋ አነበቡት፣ ቀጠሮ ሰጡን፣ ወጣን። ታማም! አልኩ፤ ሁሉ ደህና ሆነ ማለቴ ነው። እንዲህ ቀላል ከሆነ የራሴንም ስም መቀየር ነበር ያማረኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሰው ጭኘ በፍርድ ቤቱ በር ሳልፍ ስርጉት ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። አልተንቀሳቀሰችም። ወረድኩና እኔም እንደምንም ፊደል ቆጥሬ አነበብኩት። ካሌብ ደረበ ይባል የነበረው ሕፃን ካሌብ ማናዬ ተብሎ እንዲጠራ እናቱ ወይዘሮ ስርጉት ማናዬ ስለጠየቁ፣ ተቃዋሚ ካለ በቀጠሮው ቀን ይቅረብ። ማህተም አለው። ሰሌዳው ያለው ደግሞ ጉምሩክ የሚጠብቁ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ሾፌርና ረዳት ሥራ ፈቶ የሚውልበት መንገድ ዳር ነው።

"ልንደብቀው መጥተን ሰቀልነው" አለች ስርጉት።

ሮጣ መሠረት ዘንድ ሄደች። መሠረት ደነገጠች፤ "እህቴ፣ ስም ሲቀየር ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሕጉ ነው። ማን ይሰማል ብለሽ ነው?" አለቻት።

እኔ ደግሞ ዝም ብየ መቀመጥ አይሆንልኝም። በወረቀት ላይ "ቀይ ፍየል ጠፍቶብኛል፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ፣ ያገኘ ወሮታ አለው" ብየ አጻፍኩና የባጃጅ ሾፌር ጓደኛየን ስልክ ቁጥር አስጨምሬ ማስታወቂያው ላይ ለጠፍኩት። ጓደኛየ ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ፍየል ስልክ ሲመልስ ዋለ። ከሰዓት የፍርድ ቤቱ ዘበኛ አየው።

"በመንግሥት ማህተም ላይ ፍየል ይለጠፋል? ማነው ይሄ ባለጌ!" እያለ ሲልጠው መንገደኛው ተሰበሰበ። ሰው ደግሞ የተሸፈነ ነገር ይወዳል፤ ከፍየሉ ሥር ያለውን አንድ ሳይቀር አነበበው። አንዱ ረዳት ጮክ ብሎ አነበበ። "ደረበ? ያ የትራክተሩ ደረበ?" አለ ሌላው። ካላስ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሸፈን አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ልጁ ራሱ ይቅረብ ስለተባለ ስርጉት ካሌብን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ ይዛው መጣች። ችሎቱ ውስጥ ሙቀቱ ዳቦ ይጋግራል። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጡና "ተቃዋሚ አለ?" አሉ።

"አለሁ፣ ክብርት ዳኛ።"

ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። አርባ ዓመት ይሆነዋል፣ ቀጭን ነው፣ ጋቢውን አስተካክሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እንደዚያ ያለ ጨዋ ሰው አይቸ አላውቅም። ስርጉት ልጁን ወደ ቀሚሷ ጎተተችው፤ ሰውየው ግን አየው። ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ፀሐዩ እባላለሁ፣ ከሳንጃ ነው የመጣሁት።"

"ለልጁ ዘመድ ነዎት?"

"ዘመድ አይደለሁም። ከአባቱ የምፈልገው ነበረኝ። አባቱ የለም። ስሙ ከጠፋ ማንን እጠይቃለሁ?"

"ምንድን ነው የሚፈልጉት? ገንዘብ ነው?"

"አይደለም።"

"መሬት?"

"አይደለም።"

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቆላ ከርመዋል፣ ገባቸው። "አቶ ፀሐዩ፣ የሚፈልጉት በሕግ የሚጠየቅ ከሆነ ስሙን ይጥሩት። ካልጠሩት እንዳልሰማሁት ነው የምቆጥረው። ዛቻ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ በሩ ላይ አለ።"

"እኔ በማንም አልዛትኩም፣ ክብርት ዳኛ። ስም አይጥፋ ነው ያልኩት።"

ዳኛዋ ወደኛ ዞሩ። "የማናዬ ቤተሰብ ልጁ በአባታችሁ ስም ቢጠራ ተስማምታችኋል? ታላቅ ወንድ ማነው?"

ብድግ አልኩ። "እኔ ነኝ፣ አገኘሁ።"

"ከተፈቀደልኝ አንድ ነገር ልጠይቀው" አለ ፀሐዩ። ዳኛዋ ይጠይቁ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። ወደኔ ዞረ፣ ድምፁ እንደ ጎረቤት ድምፅ ነው።

"ወንድምዓለም፣ አንተ የማናዬ በኩር ነህ?"

"ነኝ፣ አያ ፀሐዩ።"

"ይህ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የማናዬ ልጅ ነው?"

አፌን ከፍቸ ልመልስ ስል ነው የገባኝ። በኛ ደንብ ደም ያለበትን በስሙ የሸሸገ ደሙን ተረክቧል ይባላል። ታላቅ ቆሞ እያለ ደግሞ ታናሽ አይጠየቅም። ካሌብን የማናዬ ልጅ ካልኩት፣ ደረበ ያፈሰሰው ደም የሚፈለገው ከማናዬ በኩር ነው። ካሌብ ሱሪ እስኪታጠቅ ዓመታት ነበሩት። እኔ ታጥቄ ቆሜያለሁ።

ለስርጉትም ገባት። "አጌ" አለች ከሥር። "አጌ፣ ተው። ማመልከቻውን እናንሳው፣ ይቅር።"

አንድ ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አንድ አላጣም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አላጣም። የለም። ካሌብ ራሱን አቅንቶ ጣሪያው ላይ የማይዞረውን ቬንትሌተር ያያል፤ ከንፈሩ ላይ ቅባቱ ያብለጨልጫል። ይቅር ብየ ብቀመጥ ፀሐዩ አሁን መልኩንም ስሙንም ያውቀዋል።

"ነው" አልኩ። "የማናዬ ልጅ ነው። ወንድሜ ነው።"

ፀሐዩ ለዳኛዋ ጎንበስ አለ።

"ተቃውሞየን አንስቻለሁ። ስሙ ይቀየር።"

ዳኛዋ እሱንም እኔንም አዩን፣ ግን የሚጻፍ ነገር አላገኙም። ውሳኔውን ሰጡ። መሠረት በዚያው ቀን አዲሱን ሰርተፍኬት አተመችልንና "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ምንም አልነበረም እኮ" አለች። ስርጉት ወረቀቱን ተቀብላ ሳታየው አጠፈችው።

ፀሐዩ ባጃጄ አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። ልጁን አላየውም፣ ዛፍ እንዳለፈ ነው ያለፈው። ወደኔ መጣ።

"ሚስት አለህ?"

"የለኝም።"

"ልጅስ?"

"የለኝም።"

"ይሄ አያምርም" አለ፣ ከልቡ ያዘነ ይመስላል። "አባትህ ደግ ሰው ነበር ይላሉ። በል፣ ደህና ዋል።" ጋቢውን አጣፍቶ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ስርጉት ልጁን ይዛ ከኋላ ወንበር ገብታ የሸሚዜን ጀርባ በጡጫዋ ጨበጠች። "ተሻገር" አለችኝ። "ዛሬውኑ ገላባት ተሻገር።"

"እዚያም ጥይት ነው።"

"ጎንደር ግባ እሽ። አዲስ አበባ ግባ።"

"ባጃጁንስ?"

ሸሚዜን አልለቀቀችም። ሞተሩን አስነሳሁ። ገና ጥቂት ሳልሄድ ከኋላ የወንድ ድምፅ "ባጃጅ! አንተ ባጃጅ!" ብሎ ተጣራ። እንጀራየ ይኼው ነው፣ ሲጠሩኝ መቆም ነው ሥራየ። አልቆምኩም፣ ዞሬም አላየሁም።