«አንቺ» ማን ናት?

ለዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል የግርጌ ጽሑፍ የሚተረጉመውን ሰው ባልደረቦቹ «አራት ነጥብ» ይሉታል፤ ዐረፍተ ነገር ሳይዘጋ ከወንበሩ ተነሥቶ አያውቅምና። ሚስቱ የዚያው ፌስቲቫል አስተርጓሚ ናት፤ ከውጭ የሚመጡ ፊልም ሠሪዎች መድረክ ላይ ሲናገሩ ከጎናቸው ቆማ ቃላቸውን በአማርኛ ታሰማለች። እርሱ በጽሑፍ፣ እርሷ በአፍ፣ እጅና ጓንት ሆነው ኖረዋል፤ ባለፈው ዓመት ያ ረጅም እንግዳ እስኪመጣ ድረስ።

እንግዳው አንደበተ ቁጥብ ነበር። ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም ሲል አስተርጓሚዋ በትዕግሥት ትጠብቀው፣ ከዚያም ያችኑ ሁለት ቃል አሳምራ ለሕዝቡ ታቀርብለት ነበር። ሕዝቡ ያጨበጭባል። አራት ነጥብ ግን የተመለከተው ትዕግሥቷን ነው። ባሏ ቤት ውስጥ ነገር ጀምሮ ሲያመነታ «ቶሎ በል እንጂ፣ ምን ትጎትተዋለህ?» የምትል ሴት፣ ለባዕድ ሰው ዝምታ ይህን ያህል ጊዜ ከየት አመጣች? ቅናት ወደ ሰው ልብ የሚገባው እንዲህ ነው፤ በር ሰብሮ ሳይሆን አግባብ ያለው ጥያቄ መስሎ።

ዘንድሮ እንግዳው አዲስ ፊልም ይዞ እንደሚመጣ ተሰማ። አርትዖቱ ገና ስላላለቀ ለተርጓሚው የተላከለት ምስሉ ሳይሆን የንግግሩ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ለሌላ ሰው የሚናገረው ነው። በእንግዳው ቋንቋ ወንድም ሴትም፣ ሽማግሌም ሕፃንም የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። አማርኛ ግን «አንተ» ወይም «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ሳይሉ አንዲት ግሥ አያስኬድም። የሥራው ደንብ ግልጽ ነበር፦ የሚጠራው ሰው ማንነት ካልታወቀ ይጠየቃል። የምትጠየቀውም እንግዳውን በስልክ የምታነጋግረው የገዛ ሚስቱ ነበረች፤ በሚቀጥለው ክፍል ልብስ ታጥፋለች።

አልጠየቃትም፤ ያወቀ መስሎታልና። «ባለፈው ዓመት፣ በሰው አገር ሳለሁ፣ ድምፅሽ ባይደርስልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!» ባለፈው ዓመት፣ በሰው አገር፣ ድምፅ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል? «ጉንጭሽን ስነካ እጄ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ሲጽፍ ኪቦርዱን ይደበድበው ነበር።

ሚስቱ በበሩ ብቅ አለች። «ከማን ጋር ነው የምትጣላው? ኪቦርዱን ሰበርከው እኮ!»

«ከሥራዬ ጋር።»

«የዚያ ሰውዬ ፊልም ነው? እንዴት ነው፣ ያምራል?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ኧረ እኔ ምኑን አየሁትና!» ብላ ሣቀች። ሣቋንም ማስረጃ አድርጎ ያዘባት።

እንግዳው ፊልሙን ይዞ የደረሰው በሚታይበት ዕለት ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አራት ነጥብ ከኋላ ተቀመጠ፤ ዓይኑን የተከለው በስክሪኑ ላይ ሳይሆን፣ ከእንግዳው አጠገብ በተቀመጠችው ሚስቱ ማጅራት ላይ ነበር። ስትደነግጥ ሊይዛት ነው።

መብራቱ ጠፋ። በስክሪኑ ላይ ከአልጋ የማይነሣ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ሽማግሌ ታየ። ልጁ፣ ማለትም እንግዳው ራሱ፣ የሽማግሌውን ጉንጭ በሳሙና አረፋ ያለሰልስና ምላጭ ያነሣል። ከግርጌው እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «ጉንጭሽን ስነካ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሣቀ። «እሙዬ፣ ጢምሽ አማረብሽ!» አለ ሌላው ከመሀል። ከዚያ ወዲያ ሣቁን የሚገታው አልተገኘም፤ ሽማግሌው አርፎ «ደኅና ሁኚ» የሚለው መስመር ሲወጣ እንኳ ሰው ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ነበር። እንግዳው ወደ አስተርጓሚዋ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቃት። «ምን ያሥቃቸዋል?» ማለቱ እንደ ሆነ አራት ነጥብ ከኋላ ሆኖም ገባው።

እርሷ መድረክ ላይ ወጥታ፣ «ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ የግርጌው ጽሑፍ ነው። ሽማግሌው አባቱ ናቸው። ነገ ታርሞ ይታያል» አለችና ወርዳ በቀጥታ ወደ ባሏ መጣች።

«ማን መሰለችህ?»

እርሱ መጀመሪያ ወደ እንግዳው፣ ከዚያም ወደ እርሷ ተመለከተ።

«እኔ? እኔ ነኝ "አንቺ"?»

«በሰው አገር፣ ድምፅ፣ ይላል…»

«ባለፈው ዓመት እዚህ ሳለ አባቱ ይደውሉለት ነበራ! ለሰውዬው ያ ስልክ ምግቡ ነበር። አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ትሆናለህ?»

«ትዋሺኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ስለዚህ በሕዝብ ፊት ከሰስከኝ። ሰውዬውንም አባቱ ላይ አሣቅህበት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተነሥ፣ አብረን እናርመዋለን። ከዚያ ግን እኅቴ ዘንድ ነው የማድረው። መቼ እንደምመለስ፣ መመለሴንም፣ ገና አላውቅም።»

ባዶ በቀረው አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እርሷ ምስሉን ታስኬዳለች፣ እርሱ ያርማል።

«"አንተ" ይሁን "እርስዎ"?»

«"አንተ" በለው። እንደ ጓደኛ ነበርን ብሎኛል።»

ጽሑፉ መስመር በመስመር ተቃና። አራት ነጥብ «ይቅር በይኝ» ሊላት ደጋግሞ አሰበ፤ ያንን ቃል ቢናገር ምናልባት እኅቷ ዘንድ ባልሄደች ነበር። ምላጩ ጉንጩ ላይ ወደሚያርፍበት ትዕይንት ሲደርሱ ሊናገር ወደ እርሷ ዞረ። ፊቷ በእንባ ርሷል። አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ሳትቸኩል፣ ሽማግሌውን ታያለች። አራት ነጥብ ራሱ ታምሞ በተኛ ጊዜ እንኳ ይህን ፊት አላየም።

«ለእኔ እንዲህ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ?» አለ።

ምስሉን አቆመችው። ወደ እርሱ ዞረች፤ ቁጣ ግን አልነበራትም። «በሞተ ሰውም ቀናህ?»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሽማግሌው በስክሪኑ ላይ፣ ግማሽ ጉንጩ ተላጭቶ፣ ለልጁ እየሣቀ ቀረ። አራት ነጥብ ትክ ብሎ አየው፤ ሊያዝንለት ሞከረና ጠላው።