የቅጹ ጀርባ

መንጃ ፈቃድ ቢሮው ውስጥ መስኮት ሰባት ላይ የምትቀመጠው ሴት አሁን በደንብ ታውቀናለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ስንቀርብ ገና ከሩቅ አይታን በረጅሙ ተነፈሰች።

"ዛሬም ያው ነው፣ አባት" አለችው አጎቴን። "ሲስተሙ አይለቅም።"

"ምኑን ነው የማይለቀው?"

"እርስዎን።"

ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ከስሙ ትይዩ በቀይ "በሌላ ግዛት የታገደ" የሚል ጽሑፍ አለ።

"እገዳው የስድስት ወር ነበር" አለ አጎቴ፣ ድምፁን እንደምንም ዝቅ አድርጎ። "ስድስት ወሩ ካለቀ ስምንት ዓመት ተኩል ሆነው። ይህን ለማስላት ደግሞ ሲስተም አያስፈልግም።"

"አለቀ የሚል ደብዳቤ ያምጡ።"

"ማን ይጻፍልኝ?"

"ያገዱዎት።"

"እነሱ ደግሞ የምትኖርበት ግዛት ይጠይቀን አሉ።"

"እኛ አንጠይቅም። እኛ ስክሪኑን ነው የምናየው።" ከዚያ አሳዘናት መሰለኝ፣ ያገደውን መሥሪያ ቤት ስልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በመስታወቱ ሥር አሳለፈችልን። ቁጥሩን ከሦስት ቀን በፊትም ሰጥታን ነበር።

እኔ ፋይሉን ታቅፌ ከጎኑ ቆሜያለሁ። የላከችኝ እናቴ ናት። "አንቺ ተምረሻል፣ ወንድሜን ብቻውን አትልቀቂው፣ ተጣልቶ ይመጣል" ብላ። የተማርኩት ስለ አፈር ነው። ስለ መንጃ ፈቃድ የማውቀው የራሴን ካወጣሁ አምስት ወር እንደሆነኝ ብቻ ነው። መስኮት ፊት ስቆም ደግሞ ድምፄ ይጠፋል፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጀርባዬን የሚያየው ይመስለኛል።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ትልቅ አውቶቡስ ነድቷል። እናቴ "ፍሬቻ" ነው የምትለው፤ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ እንኳ ፍሬቻ ሳያበራ ስለማይታጠፍ። ከታገደ በኋላ ወደ እኛ መጣ። ሳሎናችን ውስጥ ተዘርግቶ በሚታጠፈው ሶፋ ላይ ይተኛል፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል። ጉልበቱ አብጦ ሲመጣ በረዶ እንይዝለታለን።

አሁን ሥራ አግኝቷል። አንድ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ታካሚዎችን የሚያመላልስ ሚኒባስ አለው፤ የስምሪት ኃላፊው ደግሞ የድሮ ባልደረባው ነው። "እስከ ማክሰኞ ጠዋት እጠብቅሃለሁ" ብሎታል። "ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው፤ በሽተኛ አይጠብቅም።" አጎቴ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ከማንም ጋር ሳይሆን ከሶፋው ጋር እያወራ፣ "ከዚህ በኋላ መሪ የሚያስጨብጠኝ የለም" ይላል።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር።

ከቢሮው ወጥተን መኪና ውስጥ ተቀምጠን ደወልን። ሃምሳ ደቂቃ ያንኑ ሙዚቃ ሰማን። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች፤ መዝገቡን አየችና "በአካል ቀርበው ይፈርሙ" አለች።

"ምን ላይ ነው የሚፈርመው?" አልኳት።

"ሲመጡ ያዩታል።"

አጎቴን አየሁት። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር።

መንገዱ የአራት ሰዓት ነው። እሱ መንዳት አይችልም፤ እናቴ ሥራ አላት። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ከተማችንን ለቅቄ ነድቼ የማላውቀው እኔ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ።

"በግራሽ መኪና አለ።"

"አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።"

"ያየሽው አትመስይም።"

በእሱ በኩል ፍሬን እንደሌለ ረስቶታል። ከፊቴ የቆመ ነገር ባየ ቁጥር በቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጠዋል።

"አሁን ማርሽ ቀይሪ።"

"መኪናው አውቶማቲክ ነው።"

"እኔም የማላምነው ለዚህ ነው።"

ያኔ ለእገዳው ያበቃውን ነገር በቤታችን የማያውቅ የለም። ዝናብ እየዘነበ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ባዶውን አውቶቡስ ከጋራዥ እያወጣ ነበር። አንዲት ሴት በብስክሌት ከጎን ብቅ አለች። እሷን ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘና ሰው የሌለበትን የጥበቃ ቤት አፈረሰ። ሴትዮዋ ዞር ብላም ሳታይ ሄደች። ሌላ ያያት ሰው የለም፤ ትራፊክ ፖሊሱም የጻፈው የጥበቃ ቤቱን ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ያቺ ሴት የቀልድ ማጣፈጫ ሆናለች። አንድ ሰው አርፍዶ መጥቶ ምክንያት ሲደረድር እናቴ "ብስክሌትም ነበራት?" ትላለች። እኔም ብያለሁ። አጎቴ አብሮን ይስቃል፤ ግን ሁልጊዜ ከሁላችንም ቀድሞ ያቆማል። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሱ ባልነግረውም፣ ሴትዮዋ ነበረች ብዬ አምኜ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ቢሮው ከለቀቅነው ቢሮ ጋር መንታ ነው። ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ወንበሮች፣ ቁጥር የሚተፋ ማሽን፣ ወደ ሠራተኞቹ ብቻ የዞረ ማራገቢያ። የደረሰን ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው፤ የተጠራው መቶ ሰባ ስድስት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተም ቆመ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነሣ። ግድግዳው ላይ "ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አናስተናግድም" የሚል ተለጥፏል፤ "አናስተናግድም" የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

አሥር ሰዓት ላይ ተጠራን። ሠራተኛው ሁለት ጆሮው ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ወጣት ነው። መዝገቡን ፈልጎ አንድ ቅጽ አተመና በመስታወቱ ሥር ገፋው።

"እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ አባቴ። አለቀ።"

"ይሄን ወረቀት አውቀዋለሁ" አለ አጎቴ።

ዞር ብዬ አየሁት።

"የዛሬ ስምንት ዓመት ተኩልም ሰጥተውኝ ነበር" አለ። እያወራ የነበረው ከወረቀቱ ጋር ነው። "ጥዬው ወጣሁ።"

ቅጹን አነሣሁት። እገዳው ማብቃቱን ይገልጻል፤ ከዚያ እንዲህ ይላል፦ "እኔ አሽከርካሪው በግዴለሽነት ከመንገድ ወጥቼ የጥበቃ ቤት መግጨቴን አምኜ፣ ፈቃዴ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።" ከሥሩ የፊርማ ቦታ።

"ይኸው ነው?" አልኩት። "ይህን ሁሉ ጊዜ የቀረው ይሄ ብቻ ነበር?"

"ግዴለሽ አይደለሁም።"

"እናቴ ታውቃለች?"

አንገቱን ወደ ማራገቢያው አዞረ።

"የሚቀጥለውን ልጥራ?" አለ ወጣቱ።

ከመስኮቱ ፈቀቅ ብለን ተቀመጥን። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ይላል። ሦስት ጊዜ ተሰልፌያለሁ፤ በረዶ ይዣለሁ፤ ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ሰምቻለሁ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ምንጣፍ ሲረገጥ ሰምቻለሁ።

"ጋሼ" አልኩት፤ ጮኬ አልነበረም፣ ግን ከጎናችን የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። "ስምንት ዓመት ተኩል ሙሉ ካርቶን የተሸከምከው ለአንዲት ቃል ነው?"

"ለቃሏ አይደለም።" መዳፉን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "ሴትዮዋ የለችበትም። አንብቢው። ዝናቡ የለም፣ እሷ የለችም። ያለው እኔና የጥበቃ ቤቱ ነን። እዚያ ላይ ከፈረምኩ፣ አንድ ጤነኛ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ያለ ምክንያት ግድግዳ ገጨ ማለት ነው። ከዚያማ ልክ ናችሁ።"

"ማን ነው ልክ?"

"እናንተ። ብስክሌትም ነበራት የምትሉት።"

ወረቀቱን አየሁ። የሰው ፊት ማየት ሲያቅተኝ የማደርገው ይሄንን ነው፤ ያገኘሁትን ነገር ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። አነበብኩት፤ ጨረስኩት፤ ገለበጥኩት።

ከጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል "የአሽከርካሪው አስተያየት" ይላል። ከሥሩ አምስት ባዶ መስመሮች አሉ።

"ይሄንን አይተኸዋል?"

መነጽሩን አውጥቶ አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አየ። "ይሄ አዲስ ነው" አለ።

ከታች ጥግ ላይ ቅጹ የወጣበት ዓመት ታትሟል። አጎቴ ከታገደበት ዓመት ሦስት ዓመት ይቀድማል። በጣቴ አሳየሁት። ጋዜጣ የያዘው ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"አልገለበጥኩትም" አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ።

ተነሣሁ። ሌላ ሰው እየተስተናገደ ነበር፤ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም፣ ግን ከጎን ሄጄ መስታወቱን አንኳኳሁ። "ይቅርታ፣ ከጀርባው ያለው ይጻፍበታል?"

"ከጀርባው?" ወጣቱ የራሱን ቅጽ ገልብጦ አየ። "ከተፈለገ ይቻላል። የሚጽፍ ግን አይቼ አላውቅም።"

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። አጎቴ ቅጹን ፋይሉ ላይ አድርጎ መጻፍ ጀመረ፤ በትልልቁ፣ በጥንቃቄ። ሦስት መስመር ሲሞላ አየሁ። "እኔ ስሜ ከላይ በተጠቀሰው ቅጽ ላይ የተገለጸው አመልካች ለዚህ የተከበረ መሥሪያ ቤት" ይላል።

"ጋሼ፣ የቀረው ሁለት መስመር ነው።"

"መግቢያ ሳይኖረው?"

"ሴትዮዋስ?"

ሄዶ ሌላ ቅጽ ጠየቀ። ወጣቱ አንዱን እስክሪብቶ ከጆሮው አውርዶ ግንባሩን አከከበት፤ ግን አተመለት። ሁለተኛው ከዝናቡ ጀምሮ የጎማዎቹ ዕድሜ ላይ ሲደርስ መስመሩ አለቀ። አሥራ አንድ ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛውን ጠየቀ።

"አባቴ፣ እኔም ቤት አለኝ" አለ ወጣቱ።

ዘበኛው የግቢውን በር አንዱን ክንፍ ዘጋ። አጎቴ ሦስተኛውን ቅጽ ይዞ ተቀመጠ። ምን እንደሚጽፍ ልነግረው ፈለግሁ፤ ተውኩት። ከዚያ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ ገለበጠና በፊተኛው ገጽ ላይ ፈረመ፤ "ግዴለሽነት" የምትለዋን ቃል ሲያልፍ እንኳ ቀና አላለም። ለእኔ ሰጠኝ።

ከጀርባው እንዲህ ይላል፦ "ብስክሌት የምትነዳ ሴት ነበረች። መሪውን ያዞርኩት እሷን ላለመግጨት ነው።"

ወጣቱ ፊርማውን አየ፣ ማህተሙን መታ፣ ቅጹን ሳይገለብጥ ትሪው ላይ ወረወረው። ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ነካ። "እገዳው ተነሥቷል። ሰኞ ጠዋት እናንተ ጋ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ፎቶ ተነሥተው መውሰድ ነው።" ቅጂውን ለእኔ ሰጠኝ። አጎቴ ትሪው ላይ ያለውን ወረቀት እያየ ቆመ።

"አላነበበውም" አለኝ በር ላይ።

"እኔ አንብቤዋለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ፤ በቂ ነው ይሁን አይደለም አላውቅም።

መኪና ውስጥ እንደገባን እናቴ ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኋት።

"ፍሬቻ፣ ተሳካ ወይስ ተጣላህ?"

"ተሳካ" አላት። "ማክሰኞ ሥራ እገባለሁ።"

"እልል! እና ምን ነበር የቀረው?"

አጎቴ እኔን አየኝ። "መፈረም" አልኳት። "ሴትዮዋንም ጽፏታል። ነበረች።"

ቀልዷን ጠበቅሁ። "ይሁን" አለች በመጨረሻ፤ "ቀስ ብላችሁ ኑ።"

ከከተማው ወጥተን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን አጎቴ ድንገት ምንጣፉን ረገጠ። ከፊታችን ምንም አልነበረም።

"ምን ሆንክ?"

"ሰማያዊ ነበር። ብስክሌቱ። ቀለሙን አልጻፍኩም፤ ሦስት መስመር ተርፎኝ!"

"ጋሼ።"

"ቢሮው አልተዘጋም ይሆናል። ከፊት ለፊት መታጠፊያ አለ።"

"ተዘግቷል።"

"ሰኞ ብንመለስስ?"

"ሰኞ ፎቶ ትነሣለህ" አልኩት። ድምፄ ለራሴም አዲስ ነበር። መታጠፊያውን አለፍኩት። እሱ አንገቱን አዙሮ እስኪርቅ ድረስ ተመለከተው፤ ከዚያ ቀበቶውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ቀድሞን የሚሄደው የጭነት መኪና ይንፏቀቃል። ልቀድመው ወደ ግራ ስወጣ አፉን ከፈተ።

"አብርቻለሁ" አልኩት።