የብቸኛዋ ተጠቃሚ ሐሳብ

ያንን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዕለት ሥራዋ የምትጠቀመው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም ሲስተሙን የጀመረው ልጅ ታላቅ እህት ናት። ታናሽ ወንድሟ ከጓደኞቹ ጋር ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፈው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነና ማንም በነፃ የሚወስደው ሲስተም ነው። ለመውሰዱማ ብዙ ሰው ወስዶታል፤ አይቶ፣ አድንቆ፣ ወደ ድሮው ተመልሷል። እሷ ግን የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቋን ኮምፒውተር አሳልፋ ሰጠችው። ወንድም ነዋ፣ ምን ይደረጋል።

ችግሩ ጥረጋው ላይ ነው። ጃቫ ሥራው ያለቀውን ነገር ከሜሞሪው ውስጥ እየለቀመ የመጣል ደግ ጠባይ አለው። የነወንድሟ ሲስተም ግን መጥረግ ሲጀምር ሁሉንም ቀጥ አድርጎ ያቆማል። የማውሱ ቀስት ይደርቃል፣ ፊደል አልጻፍ ይላል፣ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ግማሽ ጎርሶ ይቀራል። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ደንበኛ አንዴ እሷን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያል።

«ቤት እየጠረገ ነው» ትላለች እሷ።

መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን አንድ ተማሪ ፍላሹን ነቅሎ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ጎረቤት ሱቅ ገባ። ያኔ ቆረጠች፤ ወደ ድሮው ሲስተም ልትመለስ። የቀራት ለወንድሟ መንገር ነው፤ እሱ ነበር ያቃታት። ልጁ ስለ ሲስተሙ ማውራት ከጀመረ የቀረበለት ምግብ ይቀዘቅዛል። ላገኘው ሰው ሁሉ «ተጠቃሚ አለን» ይላል፤ «ተጠቃሚዎች» ለማለት አፉ አይደፍርም። አንጀቷን የሚበላትም ይኸው ነው።

እሁድ ከሰዓት እነወንድሟ ሲስተሙ ወደፊት ምን ይሁን የሚል የሐሳብ ስብሰባ ጠሩ።

«እትዬ፣ አንቺም ነይ» አላት። «የተጠቃሚው ማኅበረሰብ መወከል አለበት።»

ማኅበረሰቡ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ከአንድ ትምህርት ቤት በተዋሱት ክፍል ውስጥ፣ ነጩ ሰሌዳ ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። በነሱ ልማድ የመጣ ሐሳብ ሁሉ ሳይነቀፍ ይጻፋል። ከዚያ እያንዳንዱ ተነሥቶ ስሙን ከአንዱ ሐሳብ ሥር ያኖራል፤ ከወደደው ሳይሆን በገዛ እጁ ሊሠራው ከቆረጠው ሥር። ሥራን ሁሉ «ለነገ» ስለሚል «ነገዬ» የሚሉት ጎረምሳ ሲስተሙ ፍሪጅ ላይ ይሥራ አለ። ጋሼ የሚባሉት ጡረታ የወጡ የስልክ መሐንዲስ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይጻፍ አሉ፤ በየስብሰባው ይሉታል። ወንድሟ ደግሞ ዓይኑ እያበራ፣ ሰው በጣላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ እናድርገው፣ መግዣ የሌለው ሁሉ ይገለገልበታል አለ።

«እትዬስ?» አላት ቀጥሎ።

ቤት ስትደርስ ለብቻው ልትነግረው ነበር። አፏ ቀደማት።

«የእኔ ሐሳብ መተው ነው። ከነገ ጀምሮ ወደ ድሮው ልመለስ ነው። ሲጠርግ ደንበኛ እየሄደብኝ ተቸገርኩ።»

ነገዬ ሊከራከር አፉን ከፈተ።

«አይነቀፍም፤ ይጻፋል» አለ ወንድሟ። ድምፁ ሰለል ብሏል። ማርከሩን አንሥቶ «እትዬ ሲስተሙን ትተዋለች» ብሎ ጻፈ። ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ አለች በሆዷ።

ስም የማኖሩ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ጋሼ ተነሡ። ሰሌዳውን ትንሽ አዩና ስማቸውን ከእሷ ሐሳብ ሥር ጻፉ።

«ጋሼ፣ እንድሄድ ሊያግዙኝ ነው?»

«የምትሄጅበትን ምክንያት ልሠራው ነው» አሉ። «ሁሉን ከማቆም፣ አንቺ እጅሽን ባሳረፍሽ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጥረግ። ከባድ ነው። አይቻልም ግን አልልም።»

ነገዬ ተከተለና «ዛሬውኑ እጀምራለሁ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሌሎቹም እየተነሡ እዚያው ጻፉ። በመጨረሻ ወንድሟ የራሱን ሐሳብ አየው፤ ሥሩ ባዶ ነው። ስሙን ከእሷ ሐሳብ ሥር ጻፈና ፊቱን ሳያዞር እዚያው ቆመ።

ወንድሟን በዚያች ደቂቃ የወደደችውን ያህል ወዳው አታውቅም። ተነሥታ ማርከሩን ከእጁ ወሰደችና እሱ ካመጣው ሐሳብ ሥር «እትዬ» ብላ ጻፈች።

«እትዬ፣ እዚያ የሚጻፈው እኮ የሚሠራ ሰው ነው» አላት ነገዬ በትሕትና።

«ልቀመጥ የመጣሁ መስሎሃል? ኮድ አልችልም። ግን ሱቄ ጓዳ አቧራ የጠጡ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ጎረቤቶቼም ማን ይውሰድልን እያሉ ነው። እኔ እሰበስባለሁ፣ እናንተ አስነሷቸው።»

«አንቺ ግን ትተሽናል» አለ ወንድሟ፤ ሳቁ ሊያመልጠው ደርሷል።

«ጥረጋውን እስክታስተካክሉ ድረስ አዎ፤ ደንበኛ አለብኝ።»

«እሺ፣ ኮምፒውተሮቹን መቼ እንምጣ?»

«አሁን» አለች ቦርሳዋን እያነሣች። «ከባድ ናቸው፤ ሁላችሁም ኑ።»