የቅቤው ለብቻ፣ የበሬው ለብቻ

ማሽኑ ካርዱን ለሦስተኛ ጊዜ መለሰው።

"እስኪ ጠረግ አድርገሽ ስጪኝ" አለ ገበየው፣ ከባንኮኒው ኋላ እጁን ዘርግቶ።

ብርሃኔ ካርዱን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። እንዳልቆሸሸ ሁለቱም ያውቃሉ። ገበየው እንደገና አስገባው፣ ጠበቀ፣ ከዚያ የማሽኑን ትንሽ መስኮት ወደ እሷ አዞረላት። በቂ ሂሳብ የለም ይላል።

"ይሄ ማሽን የኔ ሃይማኖት ተከታይ ነው መሰለኝ" አለ። "ረቡዕ ነው፤ አልበላም አለ።"

ሳህን ሊገዙ ከኋላዋ የቆሙ ሁለት ሴቶች ሳቁ። ብርሃኔም አብራቸው ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን እስከ አንገቷ ድረስ ግሎ ነበር።

ከእግሯ አጠገብ ካርቶኖቹ እስከ ወገቧ ተደርድረዋል። ሦስት መቶ አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ከነክዳኑ። የተፈጨው ዳጣ ቤት ውስጥ በአራት ባልዲ ተከድኖ ይጠብቃቸዋል፤ ቃሪያው ከጠበላ ገበያ፣ ዝንጅብሉ ከቦዲቲ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ደግሞ ልጇ ናርዶስ ዓይኗ እስኪቀላ የላጠችው። እስከ ዛሬ ዳጣዋን በፕላስቲክ ዕቃ እየሞላች ለሶዶ ሥጋ ቤቶች ነበር የምትሸጠው። የሐዋሳው ሱፐርማርኬት ግን በጠርሙስ ካልሆነ አልቀበልም ብሏል። ቅዳሜ ካልደረሰለትም ከሌላ ሰው ይገዛል። ዳጣ ደግሞ ባልዲ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ አረንጓዴው ይጠፋና የገለባ መልክ ያመጣል።

"ጋሽ ገበየው፣ እስከ ሰኞ ቢያቆዩልኝስ?"

"ዕቃው የኔ ቢሆን ዛሬውኑ ጭነሽው በሄድሽ፣ የናርዶስ እናት። የሾፌሩ ነው። ያውልሽ፣ ብሩን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ደጄ ላይ ቆሟል። አንድ ማር ነጋዴም ሁለቴ ደውሎልኛል።" ሰዓቱን አየ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለማንም አልሰጥብሽም። ከዚያ በኋላ ግን እንዳትቀየሚኝ።"

ከሱቁ በረንዳ ላይ ቆማ ባሏ ጋ ደወለች። ኤርካሎ ጉኑኖ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር።

"ትናንት ብር አውጥተሃል?"

ጫጫታው ራቀ፤ ከክፍሉ ወጥቶ ነበር።

"ለበሬው" አለ። "በድሉ ቦዲቲ ላይ ጥሩ በሬ አገኘ። አሁን ካልከፈልን ያመልጠናል አለ። ደመወዝ ሲገባ ልመልሰው ነበር… ምነው? ካርዱ እምቢ አለሽ?"

"ሰው ፊት።"

"ውይ፣ ብርሃኔ።"

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ኤርካሎ ብሩን አልጠጣውም። የዘመን መለወጫቸው ጊፋታ ሁለት ሳምንት አልቀረውም፤ በሬውን የበድሉን ጨምሮ ስድስት ቤተሰብ ነው የሚያርደው፤ የቤቷ ድርሻ ሳይከፈል ቢቀር የምታፍረውም እሷው ነች። ከዚያው ሂሳብ ላይ ደግሞ እሷ የናርዶስን የደንብ ልብስ ከፍላለች፣ የእህቷን የሕክምና ወጪ ከፍላለች፤ አልጠየቀችውም፣ አልጠየቃትም። ፓስተሩ ሠርጋቸው ዕለት "ሁለታችሁ አንድ ናችሁ" ብሎ ከባረካቸው ጀምሮ የእሱ ደመወዝና የእሷ ዳጣ አንድ ቋት ውስጥ ይገባሉ። አንድ ካርድ ነው ያላቸው፤ የሚስጥር ቁጥሩም ናርዶስ የተወለደችበት ዓመት ነው።

ለባንኩ መልስ መስጠት ያቃታትም በዚሁ ምክንያት ነበር። የጠየቀችው የካርድ ብድር ከተፈቀደ ሰንብቷል፤ ካርዶቹም ተዘጋጅተው እሷን ነው የሚጠብቁት። አንዱን ትልቁን ካርድ ለሁሉም ነገር ልትወስድ ትችላለች፤ ወይም ሁለት፣ አንዱን ለሥራ አንዱን ለግል። እራት ላይ ስትነግረው ኤርካሎ ቀና ብሎ አይቷት ነበር።

"ሁለት ለምን? እኛ ሁለት ነን እንዴ?"

ያለ ቁጣ ነው ያለው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ባንክ እንደምትሄድ ነግራው ስልኩን ዘጋች፤ ባጃጅ ይዛም ደረሰች። የብድር ክፍሉ ፍሬዘር፣ ከረባቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሄድበት ልጅ፣ ከሩቅ አይቷት ከወንበሩ ተነሣ።

"ወይዘሮ ብርሃኔ! ዛሬስ መረጡ?"

"ልመርጥ ነው የመጣሁት። እንደገና ንገረኝ፤ ለልጅ እንደሚነገር አድርገህ።"

ፍሬዘር ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርድ አስቀመጠ።

"ይሄ የሥራ ነው፤ ጣሪያው ሰማንያ ሺህ ብር። ለጠርሙስ፣ ለቃሪያ፣ ለጭነት መኪና። በሠላሳ ቀን ውስጥ ከመለሱ ወለድ የለውም። ይሄኛው የግል ነው፤ ሃያ ሺህ፣ ዐሥራ አምስት ቀን ያለ ወለድ። የሥራውን ከወሰዱ የሐዋሳው ክፍያ የሚገባበትን ሂሳብም ለብቻ እከፍትልዎታለሁ።" ከመሳቢያው ሦስተኛ ካርድ አወጣና ከሁለቱ አጠገብ አኖረው። "ወይም ሁለቱን ይተዉና ይሄን ይወስዳሉ። መቶ ሺህ፤ አንድ ካርድ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ የመክፈያ ቀን። ብዙ ሰው የሚወስደው እሱን ነው። ይቀላል።"

"ይቀላል" አለች ብርሃኔ።

እውነትም ይቀል ነበር። ጠርሙሱ ይገዛል፣ ኤርካሎ አይቀየምም፣ ቤቷ እንደነበረ ይቀጥላል። ግን ነጠላው ካርድ ላይ የሚዘረጉትን እጆች ሁሉ አሰበቻቸው፤ የእህቷን፣ የአማቾቿን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ ኮሚቴ፣ የራሷንም ጭምር። ከመካከላቸው ክፉ እጅ አልነበረም።

"ከዚህ ከነጠላው ላይ ለበሬ ቢወጣ ማን ይቆጣኛል?"

"ማንም አይቆጣዎትም። ካርድ አፍ የለው!"

"እሱ እኮ ነው የጨነቀኝ። በጊዜው ባልመልስስ?"

"ወለዱ ይቆጥራል። ከዚያም ስምዎ ይበላሻል፤ ሌላ ባንክ ቢሄዱም ያዩታል።"

በልቧ አሰላች። ሐዋሳ በሃያ ቀን እከፍላለሁ ብሏል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ዕዳውን ራሱ ይዘጋል።

"በሬ ግን ከተበላ በኋላ ብር አይመልስም" አለች፣ ለራሷ ያህል።

ፍሬዘር ሳቀ፤ ከረባቱን አቃና፤ ከረባቱም ወዲያው ተመልሶ ሄደ። "እና የትኛውን ላድርግልዎ?"

"ትንሽ ልቀመጥ።"

ግድግዳውን ተጠግታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት አልፏል። ሁለቱን እወስዳለሁ ማለት የሚከብድ ነገር አልነበረም፤ የከበዳት ማታ ቤት ገብታ ለኤርካሎ መንገሩ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት አንድ ላይ የኖረን ብር ከባል እጅ ለይቼ ልያዝ ማለት ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል?

የባንኩ ጥበቃ አንድ ሰው እየፈተሸ ነበር። ሰውየው እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሷል፤ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቷል። ኤርካሎ ነበር።

"በምን መጣህ?" አለች፣ ሲቀመጥ ቦታ እየለቀቀችለት።

"በሞተር። አጥንቴ ሁሉ ተቆጠረ።"

"ክፍልህንስ?"

"ለሄኖክ ሰጠሁት። የስፖርት መምህር ነው፤ ኳስ ይሰጣቸዋል። ሒሳብ ቀረ ብሎ ያዘነ ልጅ ግን አላየሁም።" ፊቱን በመሀረብ ጠረገ፤ መሀረቡ ቀላ። "ብሩን መልስልኝ ብዬ በድሉ ጋ ደውዬ ነበር። 'በሬ ካልሲ ነው እንዴ የሚመለሰው?' አለኝ።"

ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅባት ልትናገር ፈለገች፤ ጫማዋን እያየች ተናገረች።

"ኤርካሎ፣ ሁለቱን ልወስድ ነው።"

መሀረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

"የሥራውን ቁጥር እኔም አላውቅም ማለት ነው?"

"የሥራውን… አዎ። አንተም አታውቀውም።"

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ብርሃኔ የዚህን ሰው ትንፋሾች ታውቃቸዋለች፤ የድካሙን፣ የንዴቱን፣ የፈተና ወረቀት ሲያርም የሚያወጣውን። ይሄኛውን ግን አላወቀችውም።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለ።

"ምን?"

"ብር ማውጫው ማሽን ፊት ስቆም ዞር ዞር እያልኩ ኋላዬን እንደማይ አስተውለሽ አታውቂም? ሌባ ፈርቼ አይደለም። የሰው ብር የማወጣ ስለሚመስለኝ ነው። የኔ በወር አንዴ ጠብ ይላል፤ ያንቺ በየቀኑ ይገባል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ የኔ፣ ስንቱ የቃሪያ መግዣ እንደሆነ አላውቅም። ልጠይቅሽ ደግሞ አፍራለሁ። የትናንቱንም እየተገላመጥኩ ነው ያወጣሁት።"

"ታዲያ ያን ዕለት 'እኛ ሁለት ነን እንዴ' ያልከኝስ?"

"ምን እንድልሽ ነበር? 'እሰይ፣ ገላገልሽኝ' ልበል? ባል ነኝ እኮ!"

ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ኤርካሎ ድምፁን ቀነሰ። ብርሃኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

"የቅቤ ዕቁቤ ስንት እንደደረሰ ታውቃለህ?"

"የጊፋታው? እኔ ምን አገባኝ፤ በሬው የወንዶች፣ ቅቤው የሴቶች ነው።"

"አልነገረችኝም ብለህ ተቀይመህ ታውቃለህ?"

"በቅቤ?" ጥያቄው ራሱ ግራ አጋባው። "አባቴ እናቴ የቅቤዋን ገንዘብ የምታስቀምጥበት ጓዳ እንኳ አይገባም ነበር። እሷም የበሬውን አትጠይቀውም። የቅቤው ለብቻ፣ የበሬው ለብቻ።"

"እና አልተፋቱም።"

አቧራ የጠጣው የኤርካሎ ፊት በሳቅ ተሰነጣጠቀ።

"ምን ያፋታቸዋል፤ ሥጋውም ቅቤውም መጨረሻው አንድ ድስት ውስጥ ነው።"

ፍሬዘር ጋ አብረው ሄዱ። "ሁለቱን" አለች ብርሃኔ፤ ድምፏ ራሷን እስኪገርማት ድረስ ጠንከር ብሎ ወጣ። "የግሉን ግን ሃያውን ዐሥር አድርግልኝ።"

"ጨምርልኝ ነው የለመድኩት" አለ ፍሬዘር። "ቀንስልኝ ያለኝ ሰው የለም።"

"ጊፋታ ደርሶብኝ ነው። ሃያ ካለኝ ሃያውን እበላዋለሁ።"

የሥራውን ካርድ ቁጥር ስታስገባ ኤርካሎ ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቁጠባ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ። ጮክ ብሎ ነው ያነበበው፤ የክፍል ተማሪዎቹ ፊት የቆመ ይመስል። የግሉን ቁጥር አብረው መረጡ። ካርዱን እሱ ያዘው፤ ከእስክሪብቶዎቹ ኋላ አስገብቶ የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ።

ባጃጁ ሱቁ ደጃፍ ሲያወርዳቸው ማር ነጋዴው ካርቶኖቹን በእግሩ ጫፍ እየነካ ይቆጥር ነበር። ገበየው አያትና ለነጋዴው እጁን አነሣ።

"የዕቃው ባለቤት መጣች! ሰዓቱ ደግሞ አልሞላም።"

ብርሃኔ አዲሱን ካርድ ሰጠችው። ገበየው ማሽኑ ውስጥ ከተተው፤ ሾፌሩም ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። ቁጥሯን አስገባች። ማሽኑ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱን እያንጫጫ ይተፋ ጀመር።

"ፈሰከ!" አለ ገበየው።

ማር ነጋዴው እያጉረመረመ ወጣ። ሾፌሩና ኤርካሎ ካርቶኖቹን ወደ ባጃጁ ማመላለስ ያዙ። አንድ ባጃጅ ስለማይበቃ ሌላ ተጠራ። ብርሃኔ ቆማ ስትጠብቅ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካሉት ብርጭቆዎች ጋር ተገናኘ፤ ስድስት ናቸው፣ አፋቸው ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር የዞረባቸው። ካምና ጀምሮ ታያቸዋለች። በጊፋታ እንግዳ ሲመጣ የምታቀርበው ከየስብስቡ የተረፈ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ብርጭቆ ነው።

ገበየው የነጋዴ ዓይን አለው። ሳትጠይቀው ብርጭቆዎቹን አውርዶ ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው።

"ካርድሽ እጅሽ ላይ ነው፣ ማሽኑም ሞቋል። ከጠርሙሱ ጋር አንድ ላይ ልቁረጠው? ለሐዋሳ የሚላክ የስንት ሺህ ብር ዳጣ ስድስት ብርጭቆ አያቅተውም።"

አያቅተውም ነበር። ማንም አያውቅባትም፤ ጣሪያው ሰማንያ ሺህ ነው። ብርሃኔ ካርዱን በጣቶቿ መካከል አገላበጠችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ካርዱን ከውስጠኛው ኪስ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው።

"እሱን ለብቻ ይቁረጡልኝ፣ ጋሽ ገበየው" አለች። ወደ በሩ ዞረች። "የናርዶስ አባት! ና እስኪ።"

ኤርካሎ እጁን እያራገፈ ገባ። ብርጭቆዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ዋጋቸውን ጠየቀ። ደመወዝ እስኪገባ የቀሩትን ቀኖች በከንፈሩ ቆጠረና የኪሱን ቁልፍ ፈታ።

ገበየው ማሽኑን አዞረለት። ከኤርካሎ ኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሾፌሩ ቆሟል፣ ሳህን የሚያማርጡ ሴቶች አሉ፣ መንገደኛው ያልፋል። ኤርካሎ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነካ። ብርሃኔ ከጎኑ ቆማ አየችው፤ አንድም ጊዜ ወደ ኋላው አልዞረም።